ግራጫው ላይ ብቻ

ሰኔ 2፣ ሰኞ

የዓይን ሐኪሙ "ከስልክ ትንሽ ራቂ፣ መጻፍ ካማረሽ ወረቀት ላይ ጻፊ" ስላለኝ ነው ይህን ደብተር የጀመርኩት። እሱ ምን አለበት። እኔን አራት ሺህ ሰው ስልኬ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

ዛሬ ብቻ የመለስኩላቸው፦ ንቅሳቱ በሦስተኛው ቀን ያሳከከው ሰው (አትከከው፣ በመዳፍህ መታ መታ አድርገው)። የባሏን ስም ከትከሻዋ ላይ ማስጠፋት ፈልጋ፣ በቦታው የሚገባው ሌላ ስም ስንት ፊደል ቢሆን እንደሚያምር የጠየቀችኝ ሴት። እናቱ እንዳታይበት ክረምቱን ሙሉ ረጅም እጅጌ ሊለብስ የቆረጠ የሠላሳ አምስት ዓመት ጎረምሳ።

በማስተዳድረው የንቅሳት ግሩፕ ውስጥ ስሜ እትዬ ቅባት ነው። መድኃኒት ቤት ስለምሠራ፣ የቱ ቅባት ለየትኛው ቆዳ እንደሚስማማ ስለማውቅ፣ አንዱ ቀልደኛ አወጣልኝና በዚያው ቀረ። እውነተኛ ስሜን የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም።

አብሬያት የምኖረው ታላቅ እህቴ፣ እቴቴ፣ ከጓዳ ሆና ለጎረቤታችን "ይሄ ስልክ ሊበላት ነው፤ ትዳሯን በላው፣ እንቅልፏን በላው" ስትል ሰማኋት። ትዳሩን የበላው ስልኩ አይደለም። 

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

የመድኃኒት ቤቱ ወረፋ በር ድረስ ነው። ከሆስፒታል ደወሉ፤ የዓመት ምርመራዬ ቀን አልፏል። በሚቀጥለው ሳምንት አልኳቸው።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ነገሩን በደንብ ልጻፈው፤ ከጠዋት ጀምሮ ከራሴ ጋር ክርክር ይዣለሁ።

አንዲት አዲስ አባል ፎቶ ለጠፈች። ክንዷ ላይ፣ ከእጅ አንጓዋ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አፉን የከፈተ የልብስ ሰፊ መቀስ ተነቅሳለች። ሥራው ያምራል። የመቀሱ ስለት ላይ ግን ቀያይ እብጠቶች ዘርዘር ብለው ወጥተዋል። ከሥሩ እንዲህ ብላለች፦ "ዝምታ ጋ ከተሠራሁ አሥራ ስድስት ቀኔ ነው። ድኖልኝ ነበር፤ አሁን ይሄ ወጣብኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የምኖረው በእጄ ነው። እዚህ ሌላ ሰው ደርሶበታል?"

ዝምታ ንቅሳት ሠሪው ነው። ሲሠራ ስለማያወራ ነው ስሙ የወጣለት። ከግሩፑ ሰው ብዙው የእሱን የእጅ ሥራ ገላው ላይ ይዞ ነው የሚዞረው። አብዛኞቹን የላክኋቸው እኔ ነኝ።

ከአራት ዓመት በፊት ግራ ጡቴን አወጡልኝ። የቀረው ጠባሳ በችኮላ የተሰፋ ከረጢት ይመስል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ መስታወት ፊት ልብስ አልቀየርኩም። ዝምታ ጋ ስሄድ ምንም አልጠየቀኝም፣ አላዘነልኝምም። ወንበሩን አስተካከለና "ከየት ይነሳ?" አለኝ። ከጎኔ ተነስቶ፣ ጠባሳውን ተሻግሮ፣ እስከ ብብቴ የሚወጣ ሐረግ በአራት ቀጠሮ ሠራልኝ። ሲጨርስ መስታወቱን አቀበለኝና እስካይ ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያንን ፊቱን ማዞሩን እንዴት ብዬ ልጻፈው። ሐረጉን ያዩት የምትከታተለኝ ሐኪም፣ እሱ፣ እና ፊቴ በሌለበት ፎቶ አራት ሺህ ሰው ናቸው። እቴቴ አላየችውም።

እና ለልጅቷ እንዲህ ብዬ መለስኩላት፦ "የኔ እህት፣ ይሄ አለርጂ ነው። ለብ ባለ ውሃ እጠቢው፣ ቅባቱን ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ አትነካኪው። የሰው ስም በአደባባይ ባታነሺ ግን ጥሩ ነበር።" የቅባቱንም ስም ጻፍኩላት። ከዚያ ጽሑፏን ሰረዝኩት። ያልተረጋገጠ ክስ አይለጠፍም፤ የግሩፑ ደንብ ነው። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ልሰርዘው ስል ከሥሩ አንድ ሰው "እኔም" ብሎ ነበር። "እኔም" ብቻ። አብሮ ጠፋ።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

"እኔም" ያለው ማን እንደሆነ ላስታውስ ብል አልቻልኩም። ሲሰረዝ ስሙም አብሮ ይሄዳል።

ፊደል ደወለልኝ። ሁለተኛው የግሩፑ አስተዳዳሪ ነው፤ የታክሲ ሹፌር፣ ጀርባው ከላይ እስከ ታች ፊደል የተነቀሰ። "ጥሩ አደረግሽ" አለኝ፣ "አሉባልታ አንዴ ከተጀመረ ማን ያቆመዋል?" ጥሩ ማድረጌን ስንት ሰው ቢነግረኝ ይሆን የማምነው?

ደክሞኛል። ምርመራው በሚቀጥለው ሳምንት።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

መጣች።

እቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ጋሼ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ ምሳ የምበላ መስሎታል።

ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ብትሆን ነው። ሻርፕ ጠምጥማበት የነበረውን እጇን ባንኮኒው ላይ አሳረፈችና በሌላው ባዶ የቅባት ቱቦ አወጣች። "እህቴ፣ ከዚህ የሚበልጥ አለ? ይሄ አልረዳኝም።"

"ማን አዘዘልሽ?"

"ኢንተርኔት ላይ ያሉ አንዲት ሴትዮ። እትዬ ቅባት ይሏቸዋል። ጥሩ ሰው ናቸው ይባላል።"

ሻርፑን ስትፈታው መቀሱን አየሁት። መቀስ መሆኑ ግን ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። እብጠቶቹ ተገናኝተዋል፣ አንዱ አፍ አውጥቷል፣ አንጓዋ ሁለት እጥፍ ሆኗል። ጨብጪ አልኳት። ሦስቱ ጣቶች መጡ፣ ሁለቱ ትንንሾቹ ግማሽ መንገድ ላይ ቀሩ።

"እነዚህ ይዘገዩብኛል" አለች፣ ስለ ሰነፍ ሠራተኛ የምታወራ ይመስል። "ጨርቅ ስይዝ ያመልጠኛል።"

"ቅባት አልሸጥልሽም" አልኳት። ድምፄ ቁጣ መሰለ መሰለኝ፤ ደንገጥ አለች። "ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ። የቆዳ ሐኪም ጠይቂ። ንቅሳት መሆኑን አትደብቂያቸው፤ ከቁስሉ ናሙና ይውሰዱ።" ወረቀት ላይም ጻፍኩላት። 

"እግዜር ይስጥልኝ። ማን ላከሽ ቢሉኝ ማን ልበል?"

"የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ በያቸው።"

ስትወጣ ጋሼ ከመነጽሩ በላይ አየኝና "ዛሬ ደግሞ እቃ ላለመሸጥ ነው የመጣሽው?" ብሎ ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ። ወይ እኔ፤ ደግሞ ሳቅሁ።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ላለፉት ሁለት ወራት ዝምታ ጋ ለላክኋቸው ሁሉ በየግላቸው ጻፍኩ። ምክንያቱን አልተናገርኩም፤ "እንዴት ዳነልሽ? እስቲ ፎቶ ላኪልኝ፣ ላክልኝ" ብቻ። አሥራ አንድ ሰው ላከልኝ። ሰባቱ ደህና ናቸው። የአራቱ ቆዳ የልብስ ሰፊዋን ይመስላል። አንዱ "እኔማ ያኔውኑ ጽፌ ነበር፣ ተሰረዘ" አለኝ። የስፖርት አሠልጣኝ ነው። "እኔም" ያለው እሱ ነው።

ፎቶዎቹን አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ አየኋቸው። ጥቁሩ መስመር ንጹሕ ነው። ቀዩም ንጹሕ ነው። እብጠቱ ያለው ግራጫው ላይ ብቻ ነው። አራቱም ላይ፣ መቀሱም ላይ፣ ግራጫው ላይ ብቻ። ደህና የሆኑት ሰባቱ ደግሞ ግራጫ የሌለበት ሥራ ነው ያሠሩት።

ግራጫ ማለት ጥቁሩ ቀለም በውሃ ሲቀጥን ነው። ይህን ለማወቅ መድኃኒት ቤት መሥራት አያስፈልግም።

እራት ላይ እቴቴ "ምን ሆነሽ ነው ትንፋሽሽ የሚቆራረጠው?" አለችኝ። ጉንፋን አልኳት።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ሳልደውል።

ዝምታ የሚሠራበት ክፍል እንደ ድሮው ነው፤ የተጠረገ ወለል፣ የታሸጉ መርፌዎች፣ ጓንት በሳጥኑ። ያንን ሳይ ልቤ ተመልሶ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ በጽዳት የሚሠራን የሚጠረጥር? አንድ ወጣት ተኝቶ ትከሻውን እያሠራ ነው። ጥግ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ዝምታ ከስቷል። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

መሃል ላይ ግራጫው አለቀበት። ተነሳ፣ አንዲት የላስቲክ ጠርሙስ አነሳ፣ ወደ መታጠቢያው ሄደ፣ ቧንቧውን ከፈተ።

ልጁ እስኪወጣ አፌን ይዤ ቆየሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ከቧንቧ የምትቀዳው?" አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። "የታሸገው ውሃ ሲያልቅብኝ ነው። ከፋሲካ ወዲህ… እንጃ፣ ከሁለት ወር ወዲህ። ምነው?"

"ሰዎች እየታመሙ ነው።"

"የምንጠጣው ውሃ አይደል?"

"ለሆድ ሌላ ነው። አንተ ከቆዳ በታች ነው የምታስገባው።"

ፎቶዎቹን አሳየሁት። አንድ በአንድ አያቸው። የራሱን ሥራ በመስመሩ ያውቀዋል፤ የማን እንደሆነ ሳልነግረው "ይሄ አሠልጣኙ ነው"፣ "ይቺ ልብስ ሰፊዋ ነች" ይላል። መቀሱ ላይ ሲደርስ ስልኩን መለሰልኝ።

"በቀን ስድስት ሰው" አለ ቀስ ብሎ። "ድሮ ሁለት ነበር። አንቺ ነሽ የምትልኪልኝ። ምሳ የምበላው ቆሜ ነው። ውሃ ልገዛ የምወጣበት ሰዓት አጣሁ።" ሊከሰኝ ፈልጎ አይመስለኝም። ለራሱ እየቆጠረ ነበር።

"የኔስ?" አልኩት። ልጠይቀው የሄድኩት ይህንን አልነበረም፤ አፌ ላይ መጣ።

"ያንቺ ያኔ ነው። የታሸገ ነበር። ያንቺን እኮ…" ብሎ ተወው። ምን ሊል እንደነበር አልጠየቅሁትም። በመንገድ ሁሉ ግን ስጨርስለት መጣሁ።

ሥራ አቆማለሁ አለኝ። አንድ ሳምንት ስጪኝ፣ ለሁሉም ራሴ ደውዬ እነግራቸዋለሁ፣ አንቺ አትጻፊው አለኝ። "ለኔ ስትይ" አለ። እሺ አልኩት። ወዲያው እሺ ማለቴ ነው የሚያሳፍረኝ።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

አሠልጣኙን ጠየቅሁት። እስካሁን ማንም አልደወለለትም። ገና ሁለት ቀን ነው።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

አሁንም አልደወለም። ከሆስፒታል እንደገና ጠሩኝ። አላነሳሁም።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ጠዋት ዝምታ አዲስ ሥራ ለጠፈ። የወፍ ክንፍ፣ የአንዲት ሴት ጀርባ ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግራጫ። ቆዳው ገና ቀልቷል፤ ትናንት የተሠራ ነው።

ደወልኩለት። "በታሸገ ውሃ ነው የሠራሁት" አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

"ጠርሙሱስ? ያው የድሮው ነው?"

ዝም አለ። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ይህን ዝምታ አልሰሙትም።

ከሥራ ቀርቼ፣ ለጋሼ አሞኛል ብዬ፣ ጻፍኩት። አምስት ጊዜ ጻፍኩት። አራቱ ጊዜ ስለ እኔ ሆኖ ወጣ፤ ስለ ሕመሜ፣ ስለ ሐረጉ፣ ስለ ውለታው። ጣልኳቸው። አምስተኛው ይህ ነው፦

"ከአሥራ አምስት ቀን በፊት የአንዲት አባላችንን ጽሑፍ ሰርዣለሁ። የጻፈችው እውነት ነበር። አለርጂ ነው ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ፣ ጊዜም አባክኜባታለሁ። ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ ዝምታ ጋ ግራጫ ያለበት ንቅሳት የተሠራችሁ፣ ቀለሙ በቧንቧ ውሃ ቀጥኗል። ራሴ አይቻለሁ። እብጠት ካያችሁ ቅባት አትቀቡ። የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ናሙና ይወሰድ። እሱ ጋ የላክኋችሁ እኔ ነኝ።"

ላኩት። ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩት። ትራሱ ሥር ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

"ሴትዮዋ ቀንታ ነው።" "አንዴ ስሙን ካጠፋሽ በኋላ መቶ ይቅርታ ብትጠይቂ ምን ዋጋ አለው።" "እኔም እብጠት ነበረኝ፣ እግዜር ይስጥልን እትዬ።" "ድሮም ቅባት ስትሸጥብን ነበር።" አንድም የሸጥኩበት ቀን የለም፤ ግን ለማን ነው የምምለው።

ፊደል ደወለ። "እውነቱን ነው የጻፍሽው፣ አውቃለሁ" አለኝ። "ግን ሰው ተናዷል። ለጊዜው ካስተዳዳሪነት ላውርድሽ።"

"ጽሑፉን ትሰርዘዋለህ?"

"አልሰርዘውም" አለ።

ሁለት ዓመት አስተዳደርኩት። አሁን ስገባ እንደማንም ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም። ንቅሳቱ ያሳከከው አንድ አባል ሌላ ሰው ጠየቀ። የተሰጠውም መልስ ትክክል ነበር።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ዝምታ ክፍሉን ዘጋ። በሩ ላይ ወረቀት ለጥፏል ብለው ፎቶ ላኩልኝ፤ "የታመማችሁ ደውሉልኝ፣ ሆስፒታል አብሬ እሄዳለሁ" ይላል፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ። እውነትም ከአሠልጣኙ ጋር ሄዶ ወረፋ ጠብቋል አሉ። ሐኪሞቹ ናሙናው ውስጥ የተገኘው ተሐዋሲ ውሃ ውስጥ የሚኖር ነው ብለዋቸዋል። መድኃኒቱ ለወራት የሚወሰድ ነው።

ለኔ አልደወለም። አይደውልም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ግን እያየሁ ነው።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

እቴቴ ሳትነግረኝ ሆስፒታል ደውላ ቀጠሮውን ያዘች። ጠዋት ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። "ጉንፋንሽን ልናሳይ ነው" አለችኝ። ታውቃለች ለካ። ስንት ጊዜ ደውለው እንዳላነሳሁ ቆጥራለች።

ውጪ ጠብቂኝ ብላት እምቢ አለች። ልብሴን ሳወልቅ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሐኪሟ እጇን እየታጠበች ነበርና ከውሃው ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች እቴቴ።

"ሐረግ ነው።"

ተቆጥታ የምትወጣ መስሎኝ ነበር። ጠጋ አለች። ትንፋሿ ጎኔ ላይ ተሰማኝ። "ያምሽ ነበር ሲሠራ?"

"ጠባሳው ላይ ምንም አይሰማኝም። ዳር ዳሩ ያማል።"

"ብቻሽን ነው የሄድሽው?"

"አዎ።"

"አይ አንቺ" አለች።  "አብረሽኝ ሂጂ አትዪኝም ነበር?"

ሐኪሟ ደረቀ ባለ ድምፅ ምንም የሚያሰጋ ነገር የለም አለች። በታክሲ ተመለስን። ቤት ስንደርስ እቴቴ ተኛች፤ በቀን ስትተኛ አይቻት አላውቅም።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ለልብስ ሰፊዋ ከጻፍኩላት አሥር ቀን ሆኖኛል። ይቅርታ ጠይቄ፣ ባንኮኒው ጀርባ የነበርኩት እኔ መሆኔን ነግሬ፣ ከአሠልጣኙ እንደሰማሁት አንጓዋን ከፍተው ስላጠቡላት በየቀኑ ፋሻ የሚቀይርላት ካስፈለጋት ሙያው አለኝ፣ ልምጣ ብያት ነበር። አንብባዋለች። መልስ የለም። መልስ ብትነፍገኝም ልክ ናት ብዬ ተውኩት። ከዚያ ደግሞ ስልኩን አየዋለሁ።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

አድራሻ ላከችልኝ። አድራሻና ሰዓት ብቻ።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ሦስተኛ ፎቅ፣ አንድ ክፍል። አልጋው በመጋረጃ ተከልሏል፣ የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ነው፣ ወለሉ ላይ የክር ቁርጥራጭ። ግቢ እንኳን አላለችኝም፤ በሩን ክፍት ትታው ሄዳ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች።

"እቃው ከየት ነው?"

"ከመድኃኒት ቤት። የታሸገ ነው።"

"ፊቴ ክፈቺው።"

ጓንቱን፣ ፋሻውን፣ የጨው ውሃውን አንድ በአንድ እያሳየኋት ከፈትኩ። የድሮውን ፋሻ ስፈታ ጥርሷን ነክሳ መስኮቱን አየች። ቁስሉ ንጹሕ ነው፤ ዳሩ መጋጠም ጀምሯል። ከመቀሱ የቀረው አንድ እጀታና የስለቱ ጫፍ ነው።

"ያን ቀን አውቀሽኝ ነበር?"

"አዎ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ፈራሁ።"

"እኔን?"

"ጥሩ ሰው ናቸው ብለሽኝ ነበር።"

ይህን ስል መልሳ አየችኝ። ልትሰድበኝ ይሆናል ብዬ ባስብም እጄን አላቆምኩም። ፋሻውን ጠቀለልኩ፣ ጫፉን አሰርኩ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፍኩላት። ትንሿ ጣት አሁንም ትዘገያለች። ሐኪሙ ትመለሳለች ብሏታል፤ የአጠገቧን ግን እርግጠኛ አይደለም።

መኪናው ላይ የተጀመረ ቀሚስ አለ፤ የወገቡ ስፌት ሄዶ ሄዶ ተጣሟል። ስመለከተው አየችኝ። "አሁን በግራ እጄ ብቻ ነው ጨርቁን የምመራው" አለች። "ሲጣመም እፈታዋለሁ። ስሰፋና ስፈታ ነው የምውለው።"

እቃዬን ሰበሰብኩ። በሩ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ተናገረች።

"ይቅር አላልኩሽም። እንዳይመስልሽ።"

"አልመሰለኝም።"

"ነገ ግን አሥር ሰዓት ሳይሞላ ነይ። አሥር ላይ ልብስ የምትለካ ደንበኛ አለችኝ፤ ፋሻ ተዘርግቶ እንድታይብኝ አልፈልግም።"

ደረጃውን ወርጄ አንደኛው ፎቅ ላይ ስልኬን አወጣሁ። ከዚያ ለጋሼ ነገ ዘጠኝ ተኩል ላይ ልውጣ ብዬ ጻፍኩለት። ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ እስኪድን ድረስ። "እሺ" አለኝ፤ ምክንያቱን አልጠየቀም።